ሦስት ጊዜ እስኪጠየቅ

ባለፈው ሰሞን እዚህ አሜሪካ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ በምሠራበት መጋዘን፣ ምሳ የምንበላበት ክፍል ስገባ አንድ ሸምገል ያለ ሠራተኛ እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን ቅባት እየቀባ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ካርቶን ሲያነሳ ውሎ አሞታል። ቅባቱ ካምፎር ያለበት ነው፤ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ ዓይን ያስነባል። ከሰው ጋር ወሬ መጀመር አልችልበትም፤ ድሮም እንዲሁ ነኝ። ምግቤን ይዤ ጥጌ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ክዳኑን ከፈትኩት እንጂ አልበላሁም። ሽታው ወስዶ ሜስኪት፣ አጎቴ ጓሮ ውስጥ አስቀመጠኝ። እዚያ እንደደረስኩ ደግሞ ድምፁ ጀመረ፤ ኳስ ፍራሽ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ። ጧ። ትንሽ ዝምታ። ጧ።

ያን ጊዜ ከኮምቦልቻ መጥቼ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ያረፍኩት የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ሰይድ ቤት ነው። ጋሼ ኤርፖርት ሰው ያመላልሱ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግን ጓሮ አለው፤ ጓሮውን የከበበው የእንጨት አጥር ወደ አንድ ጎኑ ያዘመመ ነበር። ከመንገዳችን ጥግ ላይ ጎማ ቤት፣ ከጎማ ቤቱ ጎን ዶናት ቤት ነበር። የዶናት ቤቱ ባለቤት ካምቦዲያዊት ናት። ጠዋት ጠዋት ጋሼ ሥራ ሊያደርሱኝ ሲወጡ መኪናውን ሳያጠፉ በሩ ላይ ያቆሙና «ሩጪ» ይሉኛል፤ እኔም ሁለት ሻይና አንድ ዶናት ይዤ እመለሳለሁ። ዶናቷ አንድ ዶላር እንኳ አትሞላም ነበር። ሴትዮዋ ምን እንደምፈልግ ስለምታውቅ መናገር አያስፈልገኝም፤ ለዚህ እወዳት ነበር። ቤንዚን ያኔ ርካሽ ነበር፤ ጋሼ ግን ያኔም ውድ ነው ይሉ ነበር። እትዬ ዘሀራ ያገለገለ ልብስ መሸጫ ሄደው የገዙልኝን ቡናማ ካፖርት ለብሼ፣ ጉልበቴ ላይ ሻይ ይዤ፣ ድቤ የሚመታበት መንዙማ እየሰማን እንሄዳለን። ጋሼ መሪውን በጣታቸው እየመቱ ያጅቡት ነበር። አሁን በዚያ ሳልፍ ዶናት ቤቱ የጥፍር ማሳመሪያ ቤት ሆኗል። ጎማ ቤቱ እንዳለ አለ።

ልጃቸው ነጂብ ብቻ ነው። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ቤዝቦል ይጫወታል። ጨዋታውን ለማያውቅ፥ ሜዳው መሐል ትንሽ የአፈር ጉብታ አለች፤ አንዱ እሷ ላይ ቆሞ ዱላ ለያዘው ኳስ ይወረውራል፤ ባለዱላው ሊመታት ይሞክራል፤ ወርዋሪው ደግሞ እንዳትመታ አድርጎ መላክ አለበት። ወርዋሪውን ፒቸር ይሉታል። ነጂብ ፒቸር ነበር። ጋሼ ጨዋታው እስኪገባቸው ብዙ ጊዜ እንደፈጀባቸው እየነገሩን ይስቁ ነበር። መስጊድ ሰው ሲጠይቃቸውም «ልጄ ድንጋይ ወርዋሪ ሆነልኝ፤ አገራችን ቢሆን ዝንጀሮውን ሁሉ ከማሽላዬ ያባርርልኝ ነበር» ይሉ ነበር። ቀልዳቸው ግን ኩራት ነበረበት፤ ሰውም ያውቅባቸዋል።

ነጂብ ከትምህርት ቤቱ ቡድን ጋር ይጫወታል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከሌላ ቡድን ጋር ይጫወታል። እሱም አልበቃው ብሎ አንድ አሮጌ ፍራሽ ከአጥሩ ጋር አስደግፎ፣ መሐሉን በቀለም ምልክት አድርጎበት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይወረውርበት ነበር። እኔ ከሥራ መጥቼ ወጥ ቤት መስኮት ሥር ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። ጧ፣ ጧ። ፍራሹ መሐሉ ላይ ቀስ በቀስ ጎደጎደ፤ የሰው ጭንቅላት ሲያርፍበት የኖረ ትራስ መሰለ። ሲጨርስ እትዬ ዘሀራ ካምፎርና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ደባልቀው ከክርኑ እስከ አንጓው ያሹታል። እሱ በጆሮው ያደረገውን ሙዚቃ ሳያወጣ ክንዱን ይሰጣቸዋል። ቤቱ በሙሉ ያን ይሸት ነበር፤ ካፖርቴ ሳይቀር። መጋዘን ውስጥ አጠገቤ የምትሠራው ሜክሲካዊት አንድ ቀን አሽትታኝ አያቴን አስታወስሽኝ አለችኝ።

እንደ ጓደኛ የማወራው ሰው ቢኖር ነጂብ ነበር። ሰው ፊት ምላሴ ይታሰራል፤ እሱ ፊት ግን አይታሰርም። የኔ እንግሊዝኛ ያስቀዋል፣ የሱ አማርኛ ያስቀኛል። ሳዲ ይለኛል፤ ስሜ ሰዓዳ ነው።

ክረምቱን አንድ ቀን አርሊንግተን ሄድን። የነጂብ አሠልጣኝ፣ እሱ ኮች የሚለው ረጅም ሰው፣ ክንድ የሚመረመርበት ቦታ አለ፣ ፒቸሮችን እየተቀበሉ ያያሉ፣ ውሰዱት ብሎን ነው። ጋሼ ነዱ፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ሰፊ፣ ነጭ፣ ከወለሉ የላስቲክ ሽታ የሚወጣበት ነበር። አንዲት ወጣት ሴት የነጂብን ክንድ በጥጥ ጠራርጋ፣ ከክርኑ በታች በውስጥ በኩል የቁልፍ ያህል የሆኑ ትንንሽ ነገሮች ለጠፈችበት። እሱ ሲወረውር ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን መስመር ይሄዳል፤ ጡንቻው ሲሠራ መስመሩ ብድግ ይላል፣ ሲያርፍ ይተኛል። መጀመሪያ ሲወረውር መስመሩ እንደ ተራራ ነበር። ብዙ ሲወረውር ተራራው ኮረብታ ሆነ። በመጨረሻ ኮረብታውም እየሟሸሸ ሄደ። ኳሱ ግን ያው ነው፤ በዓይን ሲያዩት ምንም የቀነሰ አይመስልም።

ሴትዮዋ ቆማ አስረዳች፤ ነጂብ ለአባቱ ተረጎመ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ስለዚህ ስትናገር ከአፏ ይልቅ እጇን ነበር የማየው። በራሷ ክርን ውስጥ፣ በሰውነት በኩል ባለው ጎን፣ አጭር ጅማት አሳየች። ሲወረወር ክርኑ ወደ ውጭ ሊከፈት ይላል፤ አትከፈት ብላ የምትይዘው ይህች ጅማት ናት፤ ግን ብቻዋን አትችለውም። ከሥሯ ያለው ጡንቻ ያግዛታል። ጡንቻው ሲደክም ጉልበቱ በሙሉ እሷ ላይ ይወድቃል። ጋሼ ነጂብ ተርጉሞ ሳይጨርስ ገባቸው። እዚህ ከመምጣታቸው በፊት ኮምቦልቻ ጭነት ይጭኑ ነበር።

«ሁለት ሰው ጆንያ ሲያነሳ አንዱ ቀድሞ ከለቀቀ፣ የሌላው ወገብ ነው የሚሄደው» አሉ።

ነጂብ ለሴትዮዋ ሲነግራት ሳቀች፤ አዎ፣ ልክ እንደዚያ ነው አለች። ከዚያ ነጂብን ሲያመው እንዲናገር፣ ትንሿ ጣቱ ከደነዘዘች ደግሞ ወዲያው እንዲያቆም መከረችው። ስንመለስ ጋሼ መንዙማውን አልከፈቱም። መንገዱን በሙሉ በዓይናቸው ጠርዝ የልጃቸውን ክንድ ነበር የሚያዩት።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ጋ ሰው እንዴት ነህ ሲባል ደህና ይላል። ያመመውም፣ የሞተበትም፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ ይላል። መጀመሪያ ምስጋና ይቀድማል። ጠያቂውም ያን ያውቃል፤ ስለዚህ እንደገና ይጠይቃል፤ እንዴት ነህ፣ ቤተሰቡስ፣ ጤናስ፣ ደህና፣ ደህና። ሦስተኛው ላይ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ እንግዲህ ያኔ ነው እንደው ትንሽ የሚባለው። ጋሼ ኮምቦልቻ ካሉት እህታቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ በአድናቆት እሰማቸው ነበር። ሰዉ ደህና ነው፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ዝናቡ ደህና ነው፤ ሁሉም ደህና መሆኑ ካለቀ በኋላ ነው ማን እንደሞተ የሚነገረው። ነጂብ በዚህ ይስቅ ነበር። «ሶ፣ ለምን በመጀመሪያ አይናገሩም? ስልኩ ውድ ነው» ይላል። እትዬ ዘሀራ ደግሞ «በበሽታ የሚጀምር ሰላምታ በር ረግጦ እንደመግባት ነው» ይሉታል።

ጸደይ ሲገባ የነጂብ ወሬ አነሰ። አንድ ቀን ከልምምድ ሲወጣ እኔንም ከሥራ ወስዶኝ አብረን እንመለሳለን። መሪውን በግራ እጁ ብቻ ይዟል። ቀኙን ጭኑ ላይ አስተኝቶታል። ክንድህ እንዴት ነው አልኩት። ደህና አለኝ። ትንሽ ሄድንና እንደገና ጠየቅሁት። ደህና ነው አልኩሽ አለኝ፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ሌላ ነገር አከለበት። ጎማ ቤቱ ጋ መብራት ያዘን። በደህናው ነው አንድ እጅህን አስተኝተህ የምትነዳው ብዬ ሦስተኛ ጠየቅሁት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እሱ ግን አልነዳም፤ ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ።

«ኦኬ ሳዲ፣ ያመኛል» አለ። «እዚህ ጋ፣ ውስጡ። ጣቴ ደግሞ፣ ማለቴ ትንሿ፣ ትደነዝዛለች።»

ለኮች ለምን እንደማይነግረው ጠየቅሁት። ቅዳሜ ከአንድ ኮሌጅ ሰው ሊያየው ይመጣል። ኮሌጅ የሚያስገባው ያ ክንድ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን። ሰውዬው ሊመጣ ሲል አመመኝ ካልኩ ፈራ ይሉኛል አለ። ትንሽ አሰበና፣ አባባ ቢነግረው ግን ሌላ ነው አለ። አባት ከተናገረ ልጁ ፈራ አይባልም። አንቺ ለአባባ ንገሪው፣ አባባ ለኮች ይንገረው፤ ኮች አውቆ ተቀመጥ ካለኝ እቀመጣለሁ፣ ወርውር ካለኝም አውቆ ነው።

እንዳለኝ አደረግሁ። እራት ሳይቀርብ ጋሼን ጓሮ ጠርቼ ነገርኳቸው። ፍራሹን እያዩ ሰሙኝ። ጣቱ ደንዝዟል ስል ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ያን ነጭ ክፍል እንዳሰቡት አወቅሁ።

«ቅዳሜ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ» አሉኝ። «ክንዱ ይረፍ። ኮሌጁም ቢቀር ይቅር።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሙቀቱ የጀመረበት ሰሞን ነው፤ የመኪናው መቀመጫ ያቃጥል ነበር። ጋሼ ለዒድ የሚለብሱትን ግራጫ ኮት ለበሱ። እትዬ ዘሀራ ከሥራ መቅረት ስላልቻሉ አልመጡም፤ ለኮች የሚሰጥ ሳምቡሳ ግን በፎይል ጠቅልለው ልከዋል። ያ ሰው ክረምቱን በሙሉ፣ ሁለቱም ሥራ ላይ ሲሆኑ፣ ነጂብን ቤት ድረስ ያደርስላቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ የቤንዚን አልተቀበለም። ጋሼ ይህን ውለታ ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። በመንገድ ላይ በእንግሊዝኛ የሚሉትን ይለማመዱ ነበር፤ ልጄ ክንዱን አሞታል፣ ዛሬ ባይወረውር ደስ ይለኛል። ደጋግመው ደጋግመው አሉት። እንግሊዝኛቸው ደንበኛ ሲያደርሱ የኖሩበት ስለሆነ አይቸገሩም፤ የተቸገሩት ሌላ ነገር ነው።

ሜዳው በሽቦ አጥር የታጠረ ነው። አጥሩ ጋ ቆምን፤ እኔ ሳምቡሳውን ይዣለሁ። ነጂብ ሜዳው ውስጥ፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ጓንቱን እያጠለቀ እኛን ያያል። ኮች ጋሼን ሲያይ ከሩቅ ፊቱ በራ፤ እየፈጠነ መጣና በሽቦው ላይ አሻግሮ እጃቸውን ጨበጠ። ደህና ዋልክ ወይ አለ። ቀጥሎ የልጃችን ክንድ እንዴት ነው አለ።

ጋሼ ፈገግ አሉ። ደረታቸውን በእጃቸው ነክተው፣ «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ደህና ነው። አንተስ? ቤተሰብህስ?» አሉት።

ሁሉም ደህና ነው አለ። ጎሽ አለ፤ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገና፣ ሳምቡሳውን ከእጄ ተቀብሎ፣ አመስግኖኝ፣ እየፈጠነ ተመለሰ።

ጋሼ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀሩ። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፤ ቀጣዩን ቃል ይዞ የሚጠብቅ አፍ ነበር። ወደ እኔ ዞረው፣ እንደ ሕፃን ልጅ ግራ በተጋባ ድምፅ፣ «ይደግመኛል ብዬ እኮ ነው» አሉኝ።

እኔ ግን ነጂብን ነበር የማየው። እሱ ከሩቅ የሚሰማው የለም፤ ያየው አባቱ ለኮች ሲናገሩ፣ ኮች ሲሰማቸው፣ ትከሻቸውን ሲመታ ነው። ኮች ተመልሶ ኳሱን ሰጠውና ወደ ጉብታው ጠቆመው። ነጂብ ኳሱን ተቀበለ። ወደ አባቱ ዞሮ ጭንቅላቱን አንዴ ወደ ታች አደረገ፤ ኦኬ፣ አውቆ ነው ማለቱ ነው። ያ ጭንቅላት ሲወርድ እስከ ዛሬ አያለሁ።

ጋሼ በአጥሩ ሥር ወደ ተጫዋቾቹ መቀመጫ መሄድ ጀመሩ፤ ተከተልኳቸው። መግቢያው ላይ የቆመ ሰው ጨዋታው ተጀምሯልና የመወርወር ተራው ወደ ሌላው ቡድን ሲቀየር ትገባላችሁ አላቸው። በትህትና ነው ያላቸው። ጋሼም በትህትና ኦኬ አሉ። አሁን ሳስበው፣ ቢጮኹ ኖሮ ሜዳው በሙሉ ይሰማ ነበር። ነገር ግን ሰው ሥራ ላይ እያለ፣ ያን ሁሉ ውለታ የዋለ ሰው፣ በልጅ ጉዳይ በሰው ፊት አይጮኽበትም። ተራው ሊቀየር ምን ቀረው። ኮታቸውን ቆለፉና ቆሙ። ከአጥሩ ወዲህ፣ ከኮሌጁ የመጣው ሰውዬ የኳስ ፍጥነት የሚለካ ነገር ይዞ ተቀምጧል፤ ነጂብ ሲወረውር ያየዋል፣ ከንፈሩን ነከስ ያደርጋል። ደስ እንዳለው ያስታውቅ ነበር። ነጂብም እንደዚያን ቀን አምሮበት አያውቅም። ረጅም ነው፤ እግሩ ሲነሳ፣ ክንዱ ከኋላ ሲመጣ፣ ኳሱ ከባለዱላው ኋላ በሚቀልበው ልጅ ጓንት ውስጥ ሲገባ፣ ጧ። እኔ ግን በመሐል በመሐል ጣቶቹን ውሃ እንደነካው ሰው ሲያራግፍ አየሁት። ጋሼም አዩት። ዱዓ ሲያደርጉ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ እግሩን አነሳ፣ ክንዱ ከኋላ መጣ፣ ኳሱም ወጣ፤ ግን ወደ ባለዱላው አልሄደም። ከሁሉም በላይ አልፎ፣ እኛ ራስ ላይ አልፎ፣ የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ወደቀ። ኳሱ ከመውደቁ በፊት አንድ ነገር ሰማሁ። ትንሽ ድምፅ ነው። አንዲት የሽምብራ ቆሎ ጥርስ ሥር ስትሰበር እንደምታሰማው። ነጂብ ጉብታው ላይ ተንበረከከ፤ ቀኝ ክንዱን በግራው እንደ ሕፃን አቀፈው። አልጮኸም። ጋሼ ወደ መግቢያው ሮጡ።

ሐኪም ቤት ስንሄድ ነጂብ ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ ክርኑ ላይ በረዶ ታስሮበታል። ትልቁ መንገድ ላይ ገባን።

«አባባ፣ ነግረኸዋል አይደል?» አለ ነጂብ።

«አልነገርኩትም።»

«አይቼሃለሁ እኮ። ትከሻህን መታህ።»

«ደህና ነው አልኩት።»

ነጂብ ወደ አባቱ ዞረ። ሊቆጣ ነው ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። የማያውቀውን ቋንቋ ሊረዳ እንደሚሞክር ሰው ነበር ያያቸው።

«ለምን?»

«አንዴ ብቻ ጠየቀኝ» አሉ ጋሼ።

 መኪናው ከቆመም በኋላ መሪውን አልለቀቁም፤ እኔ ነኝ በእጄ ያላቀቅኳቸው።

ጅማቷ ሙሉ በሙሉ ተበጥሳ ነበር። ሐኪሞቹ ከእጁ አንጓ ላይ ሌላ ጅማት ወስደው ክርኑ ውስጥ አሰሩለት። ኮች መጥቶ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ፤ ባውቅ ኖሮ፣ ባውቅ ኖሮ ይል ነበር፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ጋሼ እጁን ይዘው አጽናኑት። እሱ አልዋሸም፣ ጋሼም አልዋሹም። አንዳቸው ዋሽተው ቢሆን ለሁላችንም ይቀለን ነበር፤ የምንጣላው ሰው ይኖረን ነበር። የኮሌጁ ሰውዬ ሁለተኛ አልመጣም።

ዓመት ከምናምን በኋላ ነጂብን እንደገና አርሊንግተን ወሰድነው፤ ክንዱ ድኗል ተብሎ። ያቺው ሴት ነበረች። እነዚያን ትንንሽ ነገሮች ለጠፈችበት። ጠባሳው ከክርኑ ውስጥ እንደ ተኛ ትል ይታያል። ሲወረውር መስመሩ ተራራ ሆነ፤ ጥሩ ነው አለች። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ነጂብ ኳሱን ገና ሳያነሳ፣ እጁ በጎኑ ተንጠልጥሎ፣ መስመሩ ብድግ ብሏል። እረፍ አለችው። አርፌያለሁ አለ። መስመሩ አልወረደም። ጡንቻው ጅማቷን ሊጠብቅ ቀድሞ ተነስቷል፤ የሚጠብቀው ነገር በሌለበትም ይነሳል። ሴትዮዋ በትዕግሥት ብዙ ጊዜ ሞከረች፤ ሐኪሙ በሰፋው ክንድህ ላይ ችግር የለም፣ ክንድህ ራሱ ነው ያላመነ አለችው። ነጂብ ጓንቱን አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ አደረገ። ከዚያ ወዲያ ከጉብታ ላይ ሲወረውር አይቼው አላውቅም።

ጋሼም ተለወጡ። መስጊድ ሰው እንዴት ነህ ሲላቸው፣ ደህና ማለት ትተው፣ ወዲያው ወገቤን ያመኛል፣ ትናንት እንቅልፍ አልወሰደኝም ይሉ ጀመር። ሰው ይደነግጣል። አንዳንዱ ይቀየማቸዋል፤ አንዱ እንዲያውም ሰይድ አሜሪካ ገና አሁን ነው የገባው ብሎ ቀለደባቸው። እሳቸው አልሳቁም። ስልክ ሲደውሉም ለእህታቸው መጀመሪያ ማን ሞተ ይላሉ። እህታቸው አለቀሱ፤ ወንድሜ ልቡ ደረቀ አሉ።

ፍራሹ ጓሮ ቀረ። እትዬ ዘሀራ ማንም እንዳይነካው አሉ። ዝናብ ሲዘንብ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፣ ፀሐይ ሲሆን ወፎች ይጠጡበታል። አንድ ጸደይ የመጣ ነፋስ አጥሩን ከነፍራሹ ጣለው፤ አፍራሾች ጭነው ወሰዱት። እኔ ግን ወጥ ቤት መስኮቱ ሥር ስቆም መስማቴን አላቆምኩም። በመጨረሻም ከዚያ ቤት ወጣሁ፤ ምክንያቴን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሥራ ይቀርበኛል ነው ያልኩት።

ያችን ትንሽ ድምፅ፣ የሽምብራዋን፣ ለነጂብ ብቻ ነው የነገርኩት፤ ያኔ፣ ክንዱ ገና ታስሮ እያለ። «ሳዲ፣ አንቺ አጥሩ ጋ ነበርሽ። እዚያ ድረስ አይሰማም። እኔ እንኳ አልሰማሁም» ብሎኝ ነበር። ደጋግሜ ብነግረውም መልሱ ያው ነው። ምናልባት ልቤ የፈጠረችው ነው ብዬ ልተወው ሞክሬያለሁ።

ያን ቀን፣ ካምፎሩ የሸተተኝ ቀን፣ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። አርሊንግተን ነዳሁ። ነጂብ አሁን እዚያ ነው የሚኖረው፤ የቤት ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ሳልደውል ሰው ቤት የምሄድ ሰው አይደለሁም፤ በሩ ላይ ሲያየኝ «ሳዲ? ማን ሞተ?» አለኝ፤ አባቱን መስሎ። ሳቅን። ገና ብርሃን ነበር፤ በረንዳው ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አወጣ። ጢሙ ላይ ጥቂት ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ በዚህ ዕድሜው። ቀኝ ክንዱን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

ስለ ጋሼ ወገብ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ሙቀቱ አወራን። ከዚያ ክንድህ እንዴት ነው አልኩት።

ደህና ነው አለ። መሰላል እወጣበታለሁ፣ ብሎን እፈታበታለሁ፣ ምን እፈልጋለሁ አለ።

ትንሽ ቆይቼ እንደገና ጠየቅሁት። ደህና ነው አለ። ሦስተኛ ስጠይቀው እየሳቀ፣ አውቄብሻለሁ ሳዲ፣ እውነቴን ነው፣ ደህና ነው አለኝ። በኛ ወግ እዚህ ላይ ያበቃል። ሦስት ጊዜ ደህና ያለ ሰው ደህና ነው፤ ከዚያ በላይ መጠየቅ ነውር ነው፤ የሰውን ቤት ጓዳ ገብቶ እንደማየት ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ያን መስመር አልፌ አላውቅም።

«ነጂብ፣ ክንድህ እንዴት ነው?» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ የጎረቤት ልጆች ኳስ ከጋራዥ በር ጋር ያጋጩ ነበር። ወደዚያ ዞረ።

«ሰምቼዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ያኔም ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ያልኩሽ፣ ሁልጊዜ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።»

ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ። ተቀመጥን። እጁ ጉልበቱ ላይ ተኝቷል፤ ጣቶቹ ክፍት ናቸው፤ የትኛውም ሰው ቢያየው አርፏል ይላል። ከመንገዱ ማዶ ግን ኳሱ በሩን በመታ ቁጥር፣ ከክርኑ በታች፣ ከጠባሳው አጠገብ፣ ጡንቻው ከቆዳው ሥር ብድግ ይል ነበር።